በዶብሰን መሣሪያ ኦዞንን መለካት፦ ለዓመታት የሚዘልቅ መዝገብ እንዴት ይያዛል?

ኦዞንን ከመሬት ሆኖ አንድ ቀን መለካት ከባድ ሥራ አይደለም። የጠራ ሰማይ፣ ደህና መሣሪያና የአንድ ሰዓት ትዕግሥት ይበቃል። ጭንቀቱ የሚጀምረው የዛሬው ቁጥር ከሃያ ዓመት በኋላ ከሚገኘው ቁጥር ጎን እንዲቆም ሲፈለግ ነው። ከዋልታዎቹ ርቆ ያለው ለውጥ በአሥር ዓመት ውስጥ ከመቶ አንድ እንኳ ላይሞላ ይችላል። በእኛ የምድር ወገብ አካባቢ የኦዞኑ መጠን 250 የዶብሰን ዩኒት ገደማ ስለሆነ፣ የምንፈልገው ለውጥ በአሥር ዓመት ከሁለት ተኩል ዩኒት አያልፍም ማለት ነው። ጥግ ላይ የነካ ደመና፣ የተዛነፈ ሰዓት ወይም እርጥበት የገባው ሌንስ ይህን ያህል ስሕተት በአንድ ጠዋት ያመጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ መለካት ከምጽፈው ስለ መጠንቀቅ የምጽፈው ይበልጣል።

ዩኒቱን ለማያውቅ ሰው፦ ከራስዎ በላይ ያለውን ኦዞን በሙሉ ሰብስበው በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና በባሕር ወለል ግፊት መሬት ላይ ቢያነጥፉት፣ 3 ሚሊሜትር ከሆነ 300 ዩኒት ይባላል። ከአልትራቫዮሌት ጨረር የሚጋርደን ጋዝ ተሰብስቦ የአንድ እንጀራ ውፍረት ቢኖረው ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መሣሪያው የሚሠራው ምንድን ነው?

የእንግሊዙ ጎርደን ዶብሰን መሣሪያውን በ1920ዎቹ በኦክስፎርድ ሲጀምረው የተመሠረተበት ሐሳብ ዛሬም አልተለወጠም። ኦዞን አጭሩን የአልትራቫዮሌት ሞገድ አጥብቆ ይውጣል፤ ትንሽ ረዘም ያለውን ግን ብዙም አይነካውም። ሁለቱን ጎን ለጎን አይተን አጭሩ ከረጅሙ ምን ያህል እንደ ደከመ ካወቅን፣ በመንገድ ላይ ያገኘውን ኦዞን መጠን እናውቃለን።

ከአንድ ሜትር በላይ በሚረዝመው ሣጥን ውስጥ ፕሪዝሞች ብርሃኑን ይተነትኑታል፤ የሚሽከረከር ጎማ ሁለቱን ሞገዶች እያፈራረቀ ደካማ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ወደሚለውጠው ፎቶመልቲፕላየር ይልካል፤ አንድ የብርሃን ማደብዘዣ ደግሞ ጠንካራው ሞገድ ከደካማው እኩል እስኪሆን ድረስ ያዳክመዋል። ማደብዘዣውን የሚያንቀሳቅሰው ዲግሪ የተጻፈበት ዲስክ ነው፤ በተለምዶ አር ዲስክ ይባላል። ሁለቱ ሞገዶች እኩል ሲሆኑ የመለኪያው መርፌ ዜሮ ላይ ይቆማል። እርስዎ የሚያነቡት ያንን የዲስክ ዲግሪ ነው እንጂ ኦዞንን በቀጥታ አይደለም። ይህ ልዩነት ከልብ ሊያዝ ይገባል፤ ከዲግሪው እስከ ኦዞኑ ያለው መንገድ በሙሉ በሠንጠረዥና በካሊብሬሽን (መሣሪያውን ከታወቀ መለኪያ ጋር አስተያይቶ በማረም) ላይ የቆመ ነውና።

የሞገድ ጥንዶቹ ስም አላቸው። ኤ የሚባለው 305.5 እና 325.0 ናኖሜትር፣ ሲ የሚባለው 311.5 እና 332.4፣ ዲ የሚባለው 317.5 እና 339.9 ናኖሜትር ነው። ለዕለታዊው ልኬት ኤ እና ዲ አብረው ይወሰዳሉ። ምክንያቱ ብልሃት ያለበት ነው፦ አቧራና ጭስ ሁለቱንም ጥንዶች በተቀራራቢ መጠን ስለሚያዳክማቸው፣ አንዱ ከሌላው ሲቀነስ የአቧራው ተጽዕኖ አብዛኛው ተጣፍቶ ይወጣል።

ብሩወርና ፓንዶራ የሚባሉት አዳዲስ መሣሪያዎች ፀሐይን በራሳቸው እየተከተሉ ይለካሉ። ዕድሉን ካገኙ ጥሩ ነው። እኔ በዶብሰን ላይ የማተኩረው ረጅሞቹ መዝገቦች በእርሱ የተያዙ ስለሆኑና መርፌውን በገዛ እጁ ዜሮ ላይ ያቆመ ሰው ስሕተት ከየት እንደሚመጣ ስለሚገባው ነው።

ቦታ፦ አንዴ ይምረጡ

ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይን የሚጋርድ ዛፍ ወይም ፎቅ የሌለበት ሰገነት ይፈልጉ። ዛሬ ባዶ የሆነው የጎረቤት መሬት ከአምስት ዓመት በኋላ ምን እንደሚሠራበት ጭምር ይጠይቁ፤ በከተማ ውስጥ ይህ ጥያቄ ከመሣሪያው ዋጋ አይተናነስም። የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጋዝ የሚያወጣ ፋብሪካ ወይም የጄኔሬተር ጭስ በአቅራቢያ ካለ ይራቁ፤ ጋዙ በእነዚሁ ሞገዶች ብርሃን ስለሚውጥ መሣሪያው ኦዞን አድርጎ ይቆጥረዋል። መሣሪያው የሚያድርበት ክፍል ከመለኪያው ቦታ ጋር ደፍ በሌለው በር ቢገናኝ ይመረጣል። ዕቃው ከባድ ነው፤ በተሽከርካሪ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ በየቀኑ ደፍ ሲመታ ፕሪዝሞቹ ይናጋሉ።

ቦታ መቀየር ግድ ከሆነ የስዊዘርላንዶቹን አሠራር ይከተሉ። በአሮዛ ከተማ በ1926 የተጀመረው ልኬት በዓለም ረጅሙ የኦዞን መዝገብ ነው። ወደ ዳቮስ ሲዛወር አንዱን ዘግተው ሌላውን አልከፈቱም፤ ለዓመታት በሁለቱም ቦታ ጎን ለጎን ለኩ።

ጠዋት፣ ሽፋኑ ከመነሣቱ በፊት

መጀመሪያ በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ሲሊካ ጄል ይዩ። ሰማያዊ ከሆነ ደረቅ ነው፤ ወደ ሮዝ ከተለወጠ አውጥተው በምድጃ ያድርቁት ወይም ይቀይሩት። በክረምት ይህን ነገር ለነገ ማለት አይቻልም፤ አንዴ ጤዛ የያዘ ሌንስ ለሳምንታት የሚያሳስት ንባብ ይሰጣል፣ ያውም ማንም ሳያውቅ።

ቀጥሎ መሣሪያውን ወደ ውጭ አውጥተው ከአየሩ ጋር እስኪለማመድ ይጠብቁት። ፕሪዝም ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ብርሃኑን የሚሰብርበት ማዕዘን ይለወጣል፤ ይህም ማለት 305.5 ናኖሜትር ላይ ነኝ ሲሉ ሌላ ሞገድ ላይ ሆነው ይገኛሉ ማለት ነው። ለዚህ ነው በሣጥኑ ላይ ቴርሞሜትር የተሰካው። ሙቀቱን አንብበው ኪዩ የሚባሉትን፣ ሞገዱን የሚመርጡትን ዘንጎች ከመሣሪያው ጋር በመጣው ሠንጠረዥ መሠረት ለእያንዳንዱ ጥንድ ያስተካክላሉ። ሠንጠረዡ የእያንዳንዱ መሣሪያ የግሉ ነው፤ ከሌላ ጣቢያ የተገለበጠ ሠንጠረዥ አይሠራም። በአንታርክቲካው ሃሌይ ጣቢያ የነበሩ እንግሊዛውያን መሣሪያውን ከቅዝቃዜ ለመጠበቅ በብርድ ልብስ ይጠቀልሉት ነበር። የእኛ ጣጣ የተገላቢጦሽ ነው፤ በሁለት ልኬት መካከል ቀትር ላይ ጃንጥላ ያጥሉበት።

ልኬቱ

ፀሐይ መሪው ፕሪዝም በመግቢያው ቀዳዳ ላይ ይቀመጣል። ከሥሩ ገጹ የደበዘዘ የኳርትዝ ሳህን አለ፤ ብርሃኑን በእኩል ስለሚበትነው የፀሐይ ምስል ትንሽ ቢንሸራተት እንኳ ንባቡን አያናጋም። ሳህኑን በጣት አይንኩት። የጣት ቅባት ለዓይን አይታይም፤ አልትራቫዮሌትን ግን ይውጣል።

1. ፕሪዝሙን አዙረው የፀሐይ ብርሃን በሳህኑ መሐል እንዲወድቅ ያድርጉ።
2. የፎቶመልቲፕላየሩን የስሜት መጠን ከዝቅተኛው ይጀምሩ፤ መርፌው በደንብ መንቀሳቀስ እስኪጀምር ቀስ እያሉ ይጨምሩ። በከፍተኛ ቮልቴጅ ጀምሮ ብርሃን መልቀቅ ዕድሜውን ያሳጥረዋል።
3. ኪዩ ዘንጎቹን በመጀመሪያው ጥንድ ላይ አድርገው አር ዲስኩን ያዙሩ።
4. መርፌው ዜሮን አልፎ ሲሄድና ሲመለስ ዲስኩን ወዲያና ወዲህ እያሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል መሐሉን ይፈልጉ። ከዚያ ዲግሪውንና ሰዓቱን ይጻፉ።
5. ጥንዶቹን ከጫፍ ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ ጫፍ በሚመለስ ቅደም ተከተል ይለኩ፦ ሲ፣ ዲ፣ ኤ፣ እንደገና ዲ፣ እንደገና ሲ። ፀሐይ አትቆምምና፣ በዚህ አኳኋን የሁሉም ጥንዶች አማካይ ሰዓት አንድ ላይ ይገጥማል።

አራተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። ጀማሪ ሰው መርፌውን ለማቆም ይታገላል፤ መርፌው ግን ፈጽሞ አይቆምም። ስስ ደመና ሲያልፍ፣ አየሩ ሲናወጥ ይርገበገባል። ትክክለኛው ነጥብ መርፌው ወደ ቀኝና ወደ ግራ እኩል የሚወዛወዝበት ነው፤ ይህንንም እጅ ከዓይን ቀድሞ ይለምደዋል። እኔ ስማር ሁለት ሳምንት ፈጅቶብኛል። አስተማሪዬ ንባቤን ከእርሱ ንባብ ጋር ሲያስተያይ በአንድ ዲግሪ ልዩነት እንኳ ፊቱን ያኮሳትር ነበር። በኋላ ስሌቱን ስሠራ ነው የገባኝ። በቀትር ፀሐይ አንድ ዲግሪ ወደ 6 የዶብሰን ዩኒት ሊያስቆጥር ይችላል፤ ከላይ የጠቀስኩት የአሥር ዓመት ለውጥ ከእጥፉ በላይ ነው።

መቼ?

ይህ ስሕተት በቀትር የሚገንነው ብርሃኑ በኦዞኑ ውስጥ የሚያልፈው መንገድ አጭር ስለሆነ ነው። የመንገዱ ርዝመት ሙ በሚባል ቁጥር ይገለጻል፤ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን 1፣ ከአድማስ 30 ዲግሪ ከፍታ ላይ ስትሆን 2 ገደማ ነው። ሙ 2.4 ሲሆን ያው የአንድ ዲግሪ ስሕተት ወደ 3 ዩኒት ይወርዳል። በአንጻሩ ሙ ከ3 ሲያልፍ የኤ ጥንድ ብርሃን እጅግ ስለሚደክም ከሣጥኑ ውስጥ የተበታተነ ብርሃን ንባቡን ያበላሸዋል። ስለዚህ በቀን ቢያንስ ሦስት ጊዜ ይለኩ፦ ጠዋት ሙ 2 ሲሆን፣ ቀትር ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንደገና 2 ሲሆን።

በአዲስ አበባ ፀሐይ ከፍተኛ ቦታዋን የምትይዘው በአማካይ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ላይ ነው። በመጋቢት አጋማሽ ሙ 2 የሚሆነው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ጥላዎ ከቁመትዎ እጥፍ በጥቂቱ ያንሳል። በክረምት ደመናው ከሰዓት በኋላ ስለሚከብድ ጠዋትን አያሳልፉ።

ሰዓቱ የማን ነው?

ብዙ የሀገራችን ልጆች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ስለሆነ ለብቻው አነሣዋለሁ። የኦዞን መዝገብ የሚያዘው በዓለም አቀፉ ሰዓት (በዩቲሲ) ነው። የእኛ ረፋድ 4 ሰዓት ከ10 በዓለም አቀፉ ሰዓት 7 ከ10 ነው። በመጋቢት በአዲስ አበባ የተወሰደን ልኬት አንድ ሰው 4:10 ብሎ ብቻ ቢጽፈውና ስሌቱ እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት ቢወስደው፣ ፀሐይ ገና ከአድማስ ብቅ እንዳለች ተቆጥሮ 250 መሆን የነበረበት ኦዞን ወደ 60 ይወርዳል። ይህ ስሕተት ትልቅ ስለሆነ ይጋለጣል። የሚያስፈራው ትንሹ ነው፦ በአንድ ደቂቃ የዘገየ የግድግዳ ሰዓት ጠዋት ያለውን ልኬት ዝቅ፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን ከፍ አድርጎ ለወራት ሳይታወቅ ይቀመጣል። ለዚህ ሥራ ብቻ የሚያገለግል በዓለም አቀፉ ሰዓት የተሞላ ሰዓት ይመድቡ፤ በየጠዋቱም ከጂፒኤስ ጋር ያስተያዩት። ቀኑንም እንዲሁ፦ መስከረም 1 ብለው የጻፉት በሌላ ሰው እጅ ሴፕቴምበር 1 ይሆናል።

ስሌቱ

የዲስኩን ዲግሪ በመሣሪያው ሠንጠረዥ ኤን ወደሚባለው፣ አጭሩ ሞገድ ከረጅሙ ምን ያህል እንደ ደከመ ወደሚገልጸው ቁጥር ይለውጣሉ። ከዚያ የኤ ጥንዱን ኤን ከዲ ጥንዱ ኤን ጋር አቀናንሰው በ10 ያባዛሉ፤ ለ1.432 እና ለሙ ያካፍላሉ። 1.432 ኦዞን በእነዚህ ጥንዶች ላይ ብርሃን የሚውጥበት መጠን ልዩነት ሲሆን ከ1992 መጀመሪያ ጀምሮ የሚሠራበት ቁጥር ነው። በመጨረሻ አየሩ ራሱ የበተነውን ብርሃን ለማረም 7 ገደማ ይቀነሳል፤ ከፍታ ቦታ ላይ ግን በአየር ግፊቱ ልክ ያንሳል።

በቁጥር ሲታይ፦ የኤ ጥንድ ኤን 64.5፣ የዲ 20.5፣ ሙ ደግሞ 1.2 ይሁን። ልዩነቱ 44 ነው፤ በ10 ሲባዛ 440። 1.432 በ1.2 ሲባዛ 1.718 ነው፤ 440 ለዚህ ሲካፈል 256 ይሆናል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍታ የአየር ግፊቱ የባሕር ወለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ከ7 ፈንታ 5 ይቀንሱ። ውጤቱ 251 የዶብሰን ዩኒት።

አንድ ቀን ሙሉ ሰማዩ ሲጠራ በየግማሽ ሰዓቱ ይለኩና ኦዞኑን ከሙ አንጻር በግራፍ ይሳሉት። በአንድ ጥሩ ቀን ኦዞን ብዙ አይለዋወጥምና መስመሩ ጠፍጣፋ መሆን አለበት። በሙ 1 አካባቢ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከታጠፈ ሰማዩን አይጠርጥሩ፤ የመሣሪያው ቋሚ ቁጥር ተንሸራትቷል። ከዚህ የበለጠ ርካሽ ምርመራ አላውቅም።

ደመና ሲሆን

ፀሐይ ከተሸፈነች ፕሪዝሙን አንሥተው በቀጥታ ከአናት የሚመጣውን የሰማይ ብርሃን መለካት ይቻላል። ንባቡን ወደ ኦዞን የሚለውጠው ሠንጠረዥ ግን ጥርት ባሉ ቀናት የፀሐይና የሰማይ ልኬት ተከታትለው ተወስደው በየጣቢያው የሚሠራ ነው፤ እርሱ እስኪጠራቀም ዓመታት ይወስዳል። እስከዚያው ንባቡን ብቻ ይመዝግቡ። የደመናውን ዓይነት መጻፍ አይርሱ።

በየወሩ፣ በየአራት ዓመቱ

በወር አንድ ጊዜ ሁለት መብራቶች ይወጣሉ። የሜርኩሪ መብራቱ ቦታው የታወቀ የብርሃን መስመር ስላለው ኪዩ ዘንጎቹ ትክክለኛው ሞገድ ላይ መሆናቸውን ያሳያል። መደበኛው መብራት ደግሞ ዲስኩ ባለፈው ወር የሰጠውን ዲግሪ አሁንም መስጠቱን ይነግረናል። መብራቱ በተወሰነለት ኤሌክትሪክ እስኪረጋ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ የከተማው መብራት የሚዋዥቅ ከሆነ የቮልቴጅ ማረጋጊያ ያስገቡ። ሦስት መደበኛ መብራቶች ካሉዎት አንዱን በየወሩ፣ ሁለተኛውን አልፎ አልፎ፣ ሦስተኛውን በዓመት አንዴ ብቻ ይጠቀሙ። መሣሪያው ተለወጠ ወይስ መብራቱ አረጀ የሚለው ክርክር የሚፈታው በሦስተኛው ነው።

በየአራት ዓመቱ ገደማ መሣሪያው ከአህጉሩ ዋና መለኪያ ዶብሰን ጋር ጎን ለጎን ይቆማል። የአህጉራቱ መለኪያዎች ደግሞ ቁጥር 83 ከሚባለው፣ በአሜሪካ ቦልደር ከተማ ከሚቀመጠውና በሃዋይ ማውና ሎአ ተራራ ላይ ካሊብሬሽን ሲደረግለት ከኖረው የዓለም ዋና ዶብሰን ጋር ይነጻጸራሉ። ጥሩ ጎረቤት ማበጀትም ይጠቅማል፦ ናይሮቢ የዶብሰን መሣሪያም ኦዞን የሚለካ ፊኛም አላት፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከ2009 ጀምሮ በኢንፍራሬድ ጨረር ኦዞንን የለካ መሣሪያ ተተክሎ ነበር። ከማነጻጸሪያው በፊት መሣሪያውን አይወልውሉት፣ አይጠግኑት፤ በመጣበት ሁኔታ መለካት አለበት። ጠርጎ አሳምሮ የሚወስድ ሰው ያለፉትን አራት ዓመታት ማረሚያ ጠርጎ መውሰዱን ልብ አይለውም።

ያልተጠበቀ ቁጥር ሲመጣ

አይሰርዙት። በሃሌይ ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ 300 ዩኒት አካባቢ የነበረው የጥቅምት ኦዞን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ 200 ወርዶ ሲታይ ጆሴፍ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን መጀመሪያ የጠረጠሩት መሣሪያውን ነበር። ሌላ መሣሪያ ወስደው ለኩ፤ ያው ሆነ። በግንቦት 1985 ያወጡት ጽሑፍ የኦዞኑን ቀዳዳ ለዓለም አሳወቀ። በዚያን ጊዜ የሳተላይት መረጃ ማቀነባበሪያው ከ180 በታች የሆኑ ቁጥሮች ላይ የጥርጣሬ ምልክት ያደርግ ነበር።

ስለዚህ በመዝገቡ ላይ ሁለት ዓምድ ይኑርዎት፦ አንዱ የተነበበው ዲግሪ፣ ሌላው የተሰላው ኦዞን። የመጀመሪያው በቀለም ብዕር ይጻፋል፤ ማንም አይነካውም። ሁለተኛው ካሊብሬሽን በታረመ ቁጥር እንደገና ይሰላል። አጠገቡ ያዩትን ሁሉ ይጻፉ፦ የእርሻ ቃጠሎ ጭስ፣ የተቀየረ ፊውዝ፣ በእርስዎ ፈንታ የለካውን ሰው ስም። በወሩ መጨረሻ መረጃው ቶሮንቶ ወዳለው የዓለም የኦዞንና የአልትራቫዮሌት መረጃ ማዕከል ይላካል፤ ወረቀቱ ግን ከእርስዎ ጋር ይቀራል።

ሥራውን ለሌላ ሰው ሲያስረክቡ ቢያንስ አንድ ወር አብራችሁ ለኩ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ እየተፈራረቃችሁ፣ አንዱ የሌላውን ንባብ ሳያይ። ልዩነታችሁን ለክታችሁ መዝገቡ ላይ ጻፉት። ተረካቢው በመጀመሪያው ወር ፍተሻ ላይ የሚጠይቀው እያንዳንዱ መብራት በጠቅላላው ስንት ሰዓት እንደ በራ ነው፤ መልሱን በመብራቶቹ ሣጥን ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በእርሳስ ጽፈው ይተዉለት።